የሦስት ቀበሌ ነዋሪ

በዚህ አገር ሰው መሞቱን ማስመስከር ቀላል ነው፤ መኖሩን ማስመስከር ነው ፈተናው። ለሞተ ሰው ጥቂት ጎረቤትና አንድ አካፋ ይበቃል። ለሚኖር ሰው ግን ፋይል ይፈለጋል፤ ፋይሉ ውስጥ ማመልከቻ፣ ማመልከቻው ላይ ቁጥር፣ ቁጥሩ ላይ ማኅተም... ይህ ሁሉ ተሟልቶም «እስቲ ነገ ይመለሱ» የሚባል አለ።

ልጄ ሐያት የመተማ ልጅ መሆኗን ለማስመስከር እኔን ያስወጣኝ ይኸው፦ ጎንደር ላይ አሥራ አንድ ዓመት ወረፋ የጠበቅኩበት የቤት መሥሪያ ቦታ፣ ሽንፋ ያለ የሰሊጥ ማሳ፣ ሁለት የቀበሌ መታወቂያ፣ አንድ በእጄ የሰፋሁት የሥራ ዕቃ፣ በመጨረሻም አዳራሽ ሙሉ ሰው ፊት የነበረኝ ክብር። ክብሩን በብር አልተመንኩትም። ገበያ ላይ ስንት እንደሚያወጣ ስለማውቅ ነው።

ነገሩን ከሥሩ ልንገርዎ። መተማ ዮሐንስ ውስጥ ሱቅ አለኝ። ወደ ጋላባት የሚያሻግረው ድልድይ ላይ ቆመው ድንጋይ ቢወረውሩ የሱቄን ቆርቆሮ ይመታሉ፤ የወረወሩም አሉ። ሳሙና፣ ስኳር፣ ባትሪ ድንጋይ እሸጣለሁ፤ በመኸር ሰሊጥ እገዛለሁ። ሃያ ሁለት ዓመት ሆነኝ። ሚያዝያ ላይ ሱቄ ውስጥ ያለው ሻማ ሳይለኮስ ይጎብጣል፤ እኔም አብሬው ጎብጫለሁ። ሐያት የተወለደችው እዚሁ ነው፤ መራመድ የተማረችው የሰሊጥ ጆንያ እየተደገፈች ነው። በወረቀት ግን አንድም ቀን መተማ ኖረን አናውቅም።

ይህ የቆላ ነጋዴ ላልሆነ ሰው ላይገባው ይችላል። እኛ ዘንድ መኖሪያ ማለት የሚተኙበት ቦታ አይደለም፤ የሚጠቅም ወረቀት የሚሰጥበት ቦታ ነው። ጎንደር የቤት ማኅበር ሲደራጅ «የከተማው ነዋሪ መሆን አለበት» ተባለ፤ የከተማው ነዋሪ ሆንኩ። ሽንፋ ላይ ለነዋሪ የእርሻ መሬት ሲከፋፈል የሽንፋ ነዋሪ ሆንኩ። ሽንፋ ያደርኩት በጠቅላላው ሁለት ሌሊት ነው፤ አንዱን መኪና ተበላሽቶብኝ። የመተማም መታወቂያ ነበረኝ፤ ግን ጊዜው ካለፈ ቆይቷል፣ ኪሴ ውስጥ በላብ ርሶ ፎቶዬ የሌላ ሰው ፊት መስሏል። አላሳደስኩትም። እዚህ የሚያስፈልገኝ ንግድ ፈቃድ ነው፤ ንግድ ፈቃድ ደግሞ ግብርህን እንጂ እንቅልፍህን የት እንደተኛህ አይጠይቅም።

ዛሬ ጣት እያስነኩ የሚሰጡት አዲስ መታወቂያ መጥቶ ይህ ጥበብ እየጠፋ ነው። ለልጅ ልጆቻችን አናወርሰውም። ያሳዝናል።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ። አራት ዓመት ይሆናል፤ ጸጥታው ሲደፈርስ ጊዜ ቀበሌው «እያንዳንዱ አባወራ በወር አንድ ሌሊት ሮንድ ይወጣል» ብሎ ወሰነ። ዱላና ባትሪ ይዞ ሰፈር ለሰፈር መዞር ማለት ነው። ዱላም ባትሪም እሸጣለሁ። መሸጥና ይዞ መዞር ግን የተለያየ ሙያ ነው። እናም ወረቀት አውጥቼ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦

«እኔ አመልካች ቋሚ መኖሪያዬ ጎንደር ከተማ ሲሆን፣ መተማ ዮሐንስ የምገኘው ለንግድ ሥራ በእንግድነት ስለሆነ፣ ቤተሰቤም የዚህ ቀበሌ ነዋሪ ስላልሆነ፣ ከሮንድ ግዴታ ነፃ እንድደረግ በትሕትና አመለክታለሁ።»

«ቤተሰቤም» የምትለዋን ማን ጨምር እንዳለኝ እስከ ዛሬ አላውቅም። ጽሑፍ ሲያምርልኝ ማቆም አልችልም። የጎንደር መታወቂያዬን ቅጂ አያያዝኩ፣ ገቢ ተደረገ፣ ማኅተም ተመታበት፣ ነፃ ወጣሁ። ከዚያ በኋላ የሰፈሩ ወንዶች ጠዋት ዓይናቸው ቀልቶ ስኳር ሊገዙ ሲመጡ፣ እኔ ታጥቤ፣ ጀላቢያዬን ለብሼ፣ «እንዴት አደራችሁ?» እላቸው ነበር። ይህን ያልኩበትን እያንዳንዱን ቀን አሁን አስታውሰዋለሁ። እነሱም ያስታውሱታል።

ሐያት ብልህ ናት፤ በእናቷ በኩል ነው። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተናዋን ወስዳ ውጤቷ ደህና ሆነ። ደህና ማለት አገር ሙሉ ለሚሽቀዳደምበት የሕክምና ወንበር ጥቂት የጎደለው ደህና። ታዲያ አንድ ዩኒቨርሲቲ (ስሙን አልጠራም፤ ሌላም ልጅ አለኝ) የሕክምና ትምህርት ቤቱ ውስጥ ለጠረፍ ወረዳ ልጆች ጥቂት ወንበር ለይቶ አወጣ። ምክንያቱ የሚያሳምን ነው። ከደጋ የሚላክልን ሐኪም ከአውቶቡስ ወርዶ ሻንጣውን ሳይፈታ የዝውውር ማመልከቻ ይጽፋል። ሙቀቱን የሚያውቅ፣ ተምሮ የሚመለስ ልጅ ይፈለጋል። የመግቢያ ነጥቡን ዝቅ አድርገዋል። የመመለስ ውል ያስፈርማሉ። ከዚያ ደግሞ ተማሪው ከነቤተሰቡ ያለፉትን አምስት ዓመታት በወረዳው ነዋሪ መሆኑን የሚያሳይ የቀበሌ ማስረጃ ይጠይቃሉ።

«አባ፣ ነጥቡ ሞልቶልኛል» አለችኝ ሐያት። «ውሉንም እፈርማለሁ። የቀረው የቀበሌው ወረቀት ነው።»

«ይቺማ ምን አላት» አልኳት።

«እዚህ ነዋሪ ነን አይደል?»

«እትብትሽ የተቀበረበት አገር እኮ ነው።»

«እሱን አይደለም የጠየቅኩዎት።»

ይህች ልጅ ነጋዴ ብትሆን ኖሮ ሱቄን በሁለት ወር ትገዛኝ ነበር።

በማግስቱ ቀበሌ ሄድኩ። ወረፋው ከበሩ ወጥቶ አጥሩን ዞሮ የባጃጅ ተራው ጋ ደርሷል። አብዛኛውን ፊት አላውቀውም። ከረባት ያሰረ አለ። በማመልከቻው ራሱን የሚያራግብ አለ። ከፊቴ የቆመው ወፈር ያለ ሰውዬ በነጭ መሐረብ አንገቱን እየጠረገ ዞረና፣

«ወንድሜ፣ እዚህ ከተማ ጥላ ያለው ሻይ ቤት የት ይገኛል?» አለኝ።

«ለምን ጉዳይ መጥተው ነው?»

«ለልጄ ነው። የአምስት ዓመት ነዋሪነት ላስጽፍ።»

ባለ መሐረቡን አልታዘብኩትም። በኋላ እንደተረዳሁት የጎንደር ነጋዴ ነው፤ እዚህ ለዕቃ ማስቀመጫ ቤት ተከራይቶ አምስት ዓመት ሙሉ ኪራዩን፣ የውኃውን፣ የመብራቱን ሳያጓድል ከፍሏል፤ መታወቂያም አውጥቷል። ወረቀቱ አንድ አልጎደለውም። የሌለው ኑሮው ነው። የእኔ ተገላቢጦሽ።

ተራዬ ደርሶ ገባሁ። ሥራ አስኪያጁ ጌታሁን በሱቄ በር እየተመላለሰ ያደገ ልጅ ነው።

«ይህ ሁሉ ሰው ከየት መጣ?» አልኩት።

«ነዋሪ ነው።»

«የማን?»

«የእኛ ነዋ። ባለፈው ለስብሰባ ብንጠራ ከወንበሩ ያነሰ ሰው ነበር የመጣው። ዛሬ ከተማው ነዋሪውን አልቻለውም። እርስዎስ ጋሽ ሰይድ?»

«እኔማ የታወቅኩ ነኝ። አንዲት ወረቀት ጻፍልኝ።»

«ለእርስዎማ ዓይኔን ጨፍኜ ነበር የምጽፈው።»

«ጨፍነህ ጻፋ።»

«ፋይልዎ ነው ያስቸገረኝ።»

ከመደርደሪያው አንድ ፋይል ሳበ፣ አቧራውን እፍ አለና ያችን ደብዳቤ አውጥቶ ጮክ ብሎ ያነብ ጀመር። በሩ ክፍት ነው። ወረፋው ወደ በሩ ተጠጋ። «በእንግድነት» የሚለው ላይ ሲደርስ ከኋላ አንድ ሰው አስነጠሰ፤ ሳቅ መሆኑን አውቃለሁ።

«የእጅ ጽሑፉ የማን ነው?» አለኝ ጌታሁን።

«ያምራል።»

«የእርስዎ ነው።»

«ሰው በአራት ዓመት ውስጥ ይለወጣል እኮ ጌታሁን።»

«ይለወጣል። እዚህ ግን የተለወጠበት ወረቀት የለም። ይልቅ አንድ ነገር ልጽፍልዎ እችላለሁ፤ እርስዎና ቤተሰብዎ የዚህ ቀበሌ ነዋሪ አለመሆናችሁን። እሱን አሁኑኑ ማኅተም አደርግበታለሁ።»

አመሰገንኩት። ከዚያ አዝኖልኝ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ሐሙስ በአዳራሹ ማጣራት አለ። ከወረዳ፣ ከጤና፣ ከዩኒቨርሲቲውም ሰው ይቀመጣል። የሰፈር ምስክር ይዘው ይቅረቡ።»

የሰፈር ምስክር። ሃያ ሁለት ዓመት ከኖሩበት ሰፈር ምስክር ማግኘት ሻይ እንደማዘዝ ያለ ነገር መስሎኝ፣ ከሱቄ ፊት ለፊት ሻይ የሚሸጡት እትዬ ዘውዴ ዘንድ ተሻገርኩ። እትዬ ዘውዴ ከጎጃም መጥተው እዚህ የቆዩ ባልቴት ናቸው፤ ሰፈሩ የሚፈራው ዳኛ ማለት ይቻላል።

«እትዬ ዘውዴ፣ ሐያትን ያውቋታል?»

«ስትወለድ ውኃ ያፈላሁት እኔ ነኝ።»

«እንግዲያው ሐሙስ ቀርበው...»

«እሷን አውቃታለሁ። አንተን ግን አላውቅህም።»

«ኧረ እትዬ!»

«የጎንደር እንግዳ ነው አሉን። ልጄ አራት ዓመት ሙሉ በወር በወር ሲዞር ያንተንም በር ጠብቋል። የእንግዳ በር ስለሆነ ጠበቅ አድርገህ ያዝ እለው ነበር።» ሻዬን ቀድተው አቀረቡልኝ። «ለመሆኑ ከተማችንን ወደድከው?»

ሁለተኛው ጎረቤቴ ስለ ጎንደር አየር ጠየቀኝ። ሦስተኛው «አልጋ የያዝከው የት ነው?» አለኝ። ወላሂ፣ ሦስቱም ተመካክረው እንኳ እንዲህ አይገጥምላቸውም።

ቤት ስገባ ሐያት የደብዳቤውን ቅጂ ይዛ ተቀምጣለች። ቅጂውን ለራሴ ያስቀመጥኩት ምናልባት ይጠቅመኛል ብዬ ነው።

«ቤተሰቤም ብለው ጻፉ?» አለች።

«ቅጹ እንዲያ ነው የሚለው...»

«ቅጽ አይደለም አባ። ባዶ ወረቀት ላይ በእጅዎ ነው የጻፉት።»

ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር። ለሚያለቅስ ሰው ስኳር እሰጣለሁ፣ እምላለሁ፣ የማውቀው መላ አለኝ። እሷ ግን ወረቀቱን አጣጥፋ መለሰችልኝ፤ እንደ ዕቃ። ከዚያ ሻሿን አስተካክላ ተነሣች።

«ወዴት ነው?»

«ጤና ጣቢያ።»

«አመመሽ እንዴ?»

«አላመመኝም» ብላ ወጣች።

ሐሙስ ደረሰ። የቀበሌው አዳራሽ ቆርቆሮ ነው፤ ውስጡ መሃል ላይ አንድ ፋን አለች፣ ትዞራለች እንጂ አየር አታውቅም። ጠረጴዛው ላይ ሦስት ሰው ተቀምጧል። ሰብሳቢው ከወረዳ ነው። በቀኙ ከዩኒቨርሲቲው የመጣ ቀጭን ወጣት መምህር፤ ኮት ለብሶ ገባ፣ የመጀመሪያው ስም ሳይጠራ ኮቱን አወለቀ፣ ሁለተኛው ሲጠራ እጅጌውን ሰበሰበ፣ ሦስተኛው ላይ ደርሰን ቢሆን ምን ያወልቅ እንደነበር አላህ ያውቃል። በግራው የጤና ጣቢያዋ ሲስተር የሺ ናት። ከእግሯ ሥር አንድ ካርቶን መዝገብ አስቀምጣለች። ከሐያት ጋር በዓይን ሰላም ሲባባሉ አየሁ፤ ነገሩ ግን አልገባኝም።

መጀመሪያ የተጠራው ባለ መሐረቡ ነው። ወረቀቶቹን በተራ ደረደረ፤ የኪራይ ውል፣ የውኃ፣ የመብራት፣ መታወቂያ። ሰብሳቢው አገላብጦ ራሱን ነቀነቀ፤ ለእሺታ።

«ከነልጅዎ ነው አምስቱን ዓመት የኖሩት?»

«ከነልጄ። አየሩም ተስማምቶታል። እግዜር ይመስገን፣ ልጄ አንድም ቀን ታሞ አያውቅም።»

ሲስተር የሺ ቀና አለች።

«አንድም ቀን?»

«አንድም ቀን።»

«ወባስ?»

«በጭራሽ።»

«መስከረም ላይስ?»

«መስከረምም፣ ጥቅምትም።» ሰውዬው በኩራት መሐረቡን አጠፈ።

ከኋላ አንድ ሽማግሌ «ማሻ አላህ፣ ይህ ልጅ ከምን ተሠራ?» አሉ። ሲስተር የሺም ዝግ ብላ፣ «እኔ እዚህ ከመጣሁ ሦስት ዓመቴ ነው፤ ሰባት ጊዜ ይዞኛል» አለች። የዩኒቨርሲቲው መምህር ይህን ሲሰማ እግሩን ከጠረጴዛው ሥር ሰብስቦ ወንበሩ ላይ አወጣ።

ባለ መሐረቡ ክፉ ሰው አይደለም። ልጁን ያሞገሰ መስሎት ነው። እውነቱንም ነው የተናገረው፤ ልጁ ታሞ አያውቅም፣ ምክንያቱም ጎንደር ነው ያደገው። ወረቀቶቹን ሰብስቦ ከምሳ በፊት በወጣው ሚኒባስ ተሳፈረ። ጥላ ያለው ሻይ ቤት ሳያገኝ።

ቀጥሎ የእኔ ስም ተጠራ። ደብዳቤዬ ተነበበ። በዚህ ጊዜ ሕዝቡ በቃሉ ይዞታል፤ «በትሕትና አመለክታለሁ» የሚለውን አብረው ነው ያሉት። ተነሥቼ ስለ ሃያ ሁለት ዓመቱ፣ ስለ ሻማው፣ ስለ ላቤ ተናገርኩ። ሰብሳቢው አዳመጠኝና፣

«በእጅዎ የጻፉትን እንመን ወይስ በአፍዎ የሚሉትን?» አለኝ።

«ጌታዬ፣ እኔ ነጋዴ ነኝ...»

«እኛም ያሳሰበን እሱ ነው።»

ያኔ ሐያት ተነሣች።

«እኔ ወረቀት የለኝም» አለች። «አባቴ ነዋሪ አይደለችም ብለው ጽፈውብኛል። ግን ጤና ጣቢያው ውስጥ ደሜ አለ።»

ሲስተር የሺ ካርቶኑን ከፈተች። የደም ምርመራ መዝገቦቹን አወጣች፤ ጠርዛቸው የተበላ፣ ትልልቅ። ጣቷን እያንሸራተተች ታነብ ጀመር።

«ሐያት ሰይድ፣ አሥራ ሦስት ዓመት፣ መስከረም፣ ወባ ተገኝቷል። ሐያት ሰይድ፣ አሥራ አራት ዓመት፣ ጥቅምት፣ ወባ ተገኝቷል። እዚያው ዓመት ሰኔ፣ ተገኝቷል። አሥራ አምስት ዓመት፣ መስከረም...»

ሕዝቡ በጣቱ ይቆጥራል። አምስት ሲደርስ ሹክሹክታ፣ ሰባት ላይ ጭብጨባ። ልጅ ታማ አባት ሲጨበጨብለት ያየሁት በዚያ ቀን ነው። ዘጠኝ ላይ መዝገቡ ተዘጋ። ወባ እንደዚህ ትመዘግባለች ብዬ አስቤ አላውቅም፤ ከእኛ ቀበሌ ሁሉ ሥራዋን በሰዓቱ የሠራች እሷ ብቻ ናት።

አበቃ፣ ኸላስ፣ ልጄ ገባች ብዬ መቀመጫዬን ስፈልግ የዩኒቨርሲቲው ቀጭን ልጅ እጁን አወጣ።

«ለዚህ ቤት አጎበር አልተሰጠም ነበር?»

ሲስተር የሺ ሌላ መዝገብ ገለጠች። «ተሰጥቷል። ሁለት ጊዜ፣ ሦስት ሦስት። አባት ፈርመው ወስደዋል።»

«ስድስት አጎበር ያለበት ቤት አንዲት ልጅ ዘጠኝ ጊዜ ወባ ይይዛታል? ይቅርታ አድርጉልኝና፣ ይቺ ሌላ ሐያት ሰይድ ብትሆንስ? ስሙ የተለመደ ነው።»

ሰብሳቢውም ወደ እኔ ዞረ። «አባት፣ አጎበሩን ምን አደረጉት?»

እስቲ እርስዎ በእኔ ቦታ ይቁሙና ይፍረዱ። «በየአልጋው ተሰቅሏል» ብል አስተዋይ አባት እባላለሁ፤ የታመመችው ሐያት ግን የማላውቃት የሰው ልጅ ትሆናለች። እውነቱን ብናገር ሐያት የእኔ ትሆናለች፤ እኔ ግን ምን እንደምባል... ወደ ልጄ አየሁ። አታየኝም። ወለሉን ታያለች። መልሱን ታውቀዋለች፤ የምትጠብቀው ከአፌ ይወጣ እንደሆነ ነው።

«ሰሊጡ ላይ ነው» አልኩ።

«ምን?»

«አጎበሩ። ስድስቱንም አንድ ላይ ሰፍቻቸዋለሁ። ሰሊጥ አበጥርበታለሁ።»

እዚህ ላይ ለሙያው ክብር ስል ላስረዳ። አቧራ ያለበት ሰሊጥ ዋጋው ይወርዳል። የአጎበር ቀዳዳ ደግሞ አቧራውን ያሳልፋል፣ ሰሊጡን ይይዛል። አራት ሰው በአራት ማዕዘን ይዞ ሲያንገዋልለው አንድ ኩንታል ወዲያው ይጸዳል። በወንፊት ወገባችን ይሰበር ነበር። ይህን ያገኘሁት እኔ ነኝ። ነጋዴው እየመጣ አይቶ አድንቆልኛል። ከተደነቅኩበት ነገር ሁሉ ትልቁ ይህ ነበር፤ እስከዚያ ሐሙስ ድረስ።

«መድኃኒት የተነከረ መሆኑን ያውቃሉ?» አለች ሲስተር የሺ።

«አምስት ጊዜ አጥቤዋለሁ።»

አላጠብኩትም። ለአንድ ቀን አንድ እውነት የሚበቃ መስሎኝ ነው።

ሰብሳቢው አላመነኝም። ጌታሁንን፣ ከኋላ ተቀምጠው ከነበሩት ከእትዬ ዘውዴ ጋር ወደ መጋዘኔ ላከ። ብዙም ሳይቆዩ ያን የሚያህል ጨርቅ በትከሻቸው ተሸክመው ገቡ፤ የሰሊጥ ፍሬ ከበሩ እስከ ጠረጴዛው ድረስ እየተንጠባጠበ። ከየአጎበሩ ጠርዝ «በነፃ የሚሰጥ» የምትለዋ ጽሑፍ ተንጠልጥላለች። ስድስት ቦታ። የሳቀ ሰው አልነበረም፤ ቢሳቁ ይሻለኝ ነበር።

እትዬ ዘውዴ ሸክማቸውን አውርደው እጃቸውን አራገፉ።

«አሁን እመሰክራለሁ» አሉ። «ይቺ ልጅ ትኩሳት ሲይዛት በባጃጅ ጤና ጣቢያ የማደርሳት እኔ ነበርኩ። ዘጠኝ ጊዜ ነው ካላችሁ ዘጠኝ ጊዜ ነው። አባቷ በዚህ ጨርቅ ሰሊጥ ሲያንገዋልል እያለፍን ነው የምንሄደው። ልጅቷ የእኛ ናት።»

«አባትየውስ?» አለ ሰብሳቢው።

«ለአባትየው ቅድመ ሁኔታ አለኝ። አራት ዓመት በወር አንድ ሌሊት፣ አርባ ስምንት ሌሊት ሮንድ ቀርቶበታል። እሱን ይወጣል። ሰው ቀጥሮ አይደለም፤ ራሱ ነው የሚወጣው።»

«ለአርባ ስምንቱ...» ብዬ ዋጋ ልከራከር ጀመርኩ። ልማድ ነው። ሐያት ቀና ብላ አየችኝ። «እወጣለሁ» አልኩ።

ሰብሳቢውም የራሱን ጨመረ፤ ሰው አንድ፣ መኖሪያው አንድ፣ ስለዚህ ከጎንደርም ከሽንፋም መሸኛ አውጥቼ እንዳቀርብ። በመጨረሻ ቀጭኑ መምህር ሐያትን ጠየቃት።

«ሕክምና ለምን መረጥሽ?»

«ጤና ጣቢያው ብዙ ጊዜ ተኝቼ ሥራውን አየሁት። ቤት ደግሞ አባቴን አየኋቸው። በሽታው ከየት እንደሚመጣ አውቃለሁ።»

ጎንብሶ ጻፈ። ምን እንደጻፈ አላየሁም፤ ትከሻው ግን ይነቃነቅ ነበር።

ከዚያ መሸኛ። የጎንደሯ ጸሐፊ መዝገቧን አይታ ከልቧ አዘነችልኝ። «አባቴ፣ ይህን ከወሰዱ ከቤት ማኅበሩ ወረፋ ይሰረዛሉ። ሊደርስዎት እኮ ነው፤ የሚቀጥለው ዙር ላይ ነዎት» አለች። አሥራ አንድ ዓመት በሐሳቤ የሠራሁትን ቤት አየሁት፤ መስኮቱ ሁለት ነው፣ በረንዳው ወደ ምሥራቅ ይዞራል። ፈረምኩ።

ሽንፋ ያለው ማሳ ለእውነተኛ ነዋሪ ተሰጠ። ያገኘው ለእኔ ሲያርሰው የኖረው ሰውዬ ነው። እጄን ይዞ አመሰገነኝ። «ምንም አይደል» አልኩት። በንግድ ሕይወቴ ብዙ ዋሽቻለሁ፤ የዚህን ያህል ትልቅ አላውቅም።

ሐያት ጥሪው ደርሷት ሄደች። የምትሄድ ዕለት ከሲስተር የሺ ሁለት አዲስ አጎበር ተቀብላ ቤት ውስጥም፣ ግቢ የምንተኛበት አንገረብ ላይም ሰቀለች፤ አራቱን ማዕዘን በገመድ ጠፍራ፣ እንዳይፈታ አድርጋ። አውቶቡሱ ሊነሣ ሲል በመስኮት አንገቷን አወጣች።

«አባ፣ መኸር ሲደርስ እንዳይፈቱት።»

«ኧረ እኔ!»

«እትዬ ዘውዴ እየመጡ ያያሉ» አለችኝ። አውቶቡሱ ሄደ። አቧራው እስኪቀመጥ ቆሜ ቀረሁ፤ ዓይኔን የቆጠቆጠኝ አቧራው ነው።

ዘንድሮ ሰሊጤን በወንፊት ነው ያበጠርኩት፤ ወገቤን እስከ ዛሬ ያመኛል። ባለቤቴ አይዞህ አትለኝም። «በዘጠኝ ወባ ስንት ወገብ ይገዛል?» ትለኛለች፤ እኔም ወንፊቴን አነሣለሁ።

ሮንዱንም ጀምሬዋለሁ። የሰፈሩ ወንዶች የሰጡኝ ውሻ የሚበዛበትን የጉምሩኩን ወገን ነው። ዱላውም ባትሪውም ከሱቄ ነው። ስሜን የሚጠራኝ የለም፤ «እንግዳ፣ ወዲህ አብራ»፣ «እንግዳ፣ ቀስ በል» ነው የሚሉኝ። የእትዬ ዘውዴ ልጅ በየጠዋቱ ሱቄ በር ላይ ቆሞ፣ ታጥቦ፣ ተኝቶ ያደረ ፊቱን ይዞ፣ «እንዴት አደርክ?» ይለኛል።

አርባ ስምንት ሌሊት ነበረብኝ። አሥራ ሰባቱን ወጥቻለሁ። ቀሪ ሠላሳ አንድ።